ሞተር ጀልባ አልነሣ ሲል ከገመዱ በፊት ካንዴላው ይታይ

በጣና ሐይቅ ዓሣ የሚያሰግሩ ወገኖች ማታ የጣሉትን መረብ ለማንሣት ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ሞተሩ አልነሣ ካለ በመረቡ የተያዘው ቀረሶና አምባዛ ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ይበላሻል። የባሰው ግን ሞተሩ በሐይቁ መካከል የጠፋ እንደሆነ ነው፤ ነፋስ ከተነሣ ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ፈለገው ይወስዳታል።

በ1986 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ ወዲህ፣ በደንገል ታንኳ ለመድረስ አድካሚ በነበረው ሩቅ ውሃ መሥራት ተችሏል። ይሁን እንጂ ያረጀ ሞተር ጠባዩን ለማያውቅ ሰው አስቸጋሪ ነው። ብዙዎች ሞተሩ እንቢ ሲላቸው ትከሻቸው እስኪዝል ገመዱን ይጎትታሉ። ይህም ቤንዚኑ ካንዴላውን እንዲያጥለቀልቀው ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

አስቀድሞ ቀላሉ ነገር ይታይ። የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ተዘግታ ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ለዚህች ብሎን ሲባል ስንት ሞተር በከንቱ ተፈትቷል! በቱቦው መካከል ያለው የጎማ መጭመቂያም ጠንከር እስኪል መጨመቅ አለበት።

ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነውና ቱቦው፣ ፊልትሮውና ካርቡራተሩ ይመርመሩ። በቤንዚን ከራሰ ግን ነዳጁ ደርሷል፤ ጥርጣሬው ወደ እሳቱ ይዞራል። ካንዴላውን አድርቆ ከሽቦው ጋር ማገናኘት፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ በጥላ ሥር ገመዱን መሳብ ነው። ብርቱ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ በአዲስ ካንዴላ ይሞከር። የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት አጠገብ ግን ይህን ሙከራ ማድረግ ጀልባን ከነሰው ማቃጠል ነው።

ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር በሁለቱም ካንዴላዎች እሳት ካጣ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ ተብሎ ስለማይታሰብ፣ ከማጥፊያው ቁልፍ የሚመጣው ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቶ እንደሆነ ይታይ።

በአሮጌዎቹ ሞተሮች ከቮላኖው ሥር እየተገናኙና እየተለያዩ ብልጭታውን የሚያስነሡ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ። ሞተሩ ክረምቱን ያለ ሥራ ሲከርም እርጥበት ያዝጋቸዋል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ጠርጎ በንጹሕ ወረቀት መወልወል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክፍተታቸው በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ትክክለኛው ግን ከሞተሩ መመሪያ ይታያል። ተጠርገው ወዲያው መልሰው የሚቃጠሉ ከሆነ ኮንደንሰሩ ይለወጥ። ቮላኖውን በመዶሻ እየመቱ ለማውጣት መሞከር ግን ዘንጉን ማበላሸት ስለሆነ፣ ማውጫ መሣሪያ ላለው መካኒክ መተው ይሻላል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ ባሕር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። በዚህ ላይ ሞተሩ እንዳይጎዳ በማለት ዘይት የሚያበዙ አሉ። ለ50 ቤንዚን 1 ዘይት የታዘዘለት ሞተር ለ20 ሊትር ቤንዚን የሚያስፈልገው 400 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ አሮጌ የሆኑትና በ25 ለ1 የሚሠሩት 800 ይፈልጋሉ። ካንዴላው ይህ ሁሉ ተጠብቆም ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ፣ የካርቡራተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ለከፍታው በሚስማማ ጠበብ ያለ ማስለወጥ ያስፈልጋል።

ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ውሃ መያዙ ከተጠረጠረ በጠርሙስ ጥቂት ቀድቶ ማሳረፍ ነው፤ ውሃው ከታች ይዘቅጣል።

ወደ ሐይቁ ሲወጣ የካንዴላ ቁልፍ፣ አንድ ደረቅ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ መጠባበቂያ ገመድ፣ እንዲሁም ሁለት መቅዘፊያ በጀልባዋ ውስጥ ይኑሩ።