የእልፍ መሣሪያዎች አጋፋሪ

በዘመናችን በኢንተርኔት መሥመር የሚነጋገረው ሰው ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ፣ በውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የተተከለው መለኪያ፣ በጎዳና የሚጓዘው መኪና፣ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሳይቀር፣ የለካውን እየመዘገበ በሩቅ ላለ ማእከል ያስታውቃል። የእነዚህ ግዑዛን መሣሪያዎች ብዛት ከሺህ ወደ እልፍ፣ ከእልፍም ወደ አእላፋት ባደገ ጊዜ አንድ ሰርቨር ብቻውን ሊያስተናግዳቸው ስለማይችል፣ ብዙ ሰርቨሮች በአንድ አድራሻ ሥር ተሰልፈው እንዲያገለግሉና፣ በጥንቱ የግብር አዳራሽ አጋፋሪው እንግዳውን ሁሉ ቦታ ቦታ እንደሚያስይዝ፣ መጪውን መሣሪያ ሁሉ ወደ አንዱ ሰርቨር የሚመራ ሎድ ባላንሰር የተባለ አከፋፋይ በደጁ እንዲቆም ግድ ይሆናል።

መሣሪያዎቹ ከሚነጋገሩባቸው ልሳናት አንዱና ስመ ጥሩው ኤም ኪው ቲ ቲ የተባለው ፕሮቶኮል ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1999 የአይ ቢ ኤሙ አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ዘይት ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመቆጣጠር አዘጋጁት። የሳተላይት መሥመር ውድና ጠባብ ስለ ነበረ፣ የእያንዳንዱ መልእክት ቋሚ ራስጌ በ2 ባይት ብቻ እንዲጀምር አድርገው ቀረጹት፤ መሣሪያውም በየጊዜው አዲስ ግንኙነት ከመክፈት ይልቅ አንድ ጊዜ የከፈተውን ይዞ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት እንዲቆይ አደረጉ።

የነገሩ ምሥጢርም ያለው በዚሁ መቆየት ላይ ነው። ድረ ገጽ የሚያነብ ሰው ጠይቆ፣ መልሱን ተቀብሎ ወዲያው የሚሄድ ስለሆነ፣ አከፋፋዩ መጪዎቹን በተራ በተራ ቢያዳርስ የትናንቱ ስሕተት በዛሬው መጪ ይታረማል። መሣሪያ ግን አንድ ጊዜ ከተመደበበት አይነሣም፤ ስለዚህ አሥር ሰርቨሮች ተጨናንቀው ሳሉ አሥራ አንደኛው ቢጨመር፣ ነባሮቹ ግንኙነቶች በያሉበት ጸንተው ስለሚቀሩ አዲሱ ሰርቨር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ተራን ትቶ አነስተኛ ግንኙነት ወዳለው ሰርቨር መምራት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ይህም ፈተና አለው፤ መጪው ሁሉ ባዶ ወደ ሆነው ወደ አዲሱ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከተነዳ፣ ሊያግዝ የመጣው ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ አስተዋዮቹ አከፋፋዮች የአዲሱን ድርሻ ጥቂት በጥቂት ያሳድጋሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የዝምታን መጠን ማወቅ ነው። አከፋፋዩ እያንዳንዱ መሣሪያ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደተመራ በመዝገቡ ይይዛል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ድምፁ ያልተሰማውን ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። በአማዞን ኔትወርክ ሎድ ባላንሰር ዘንድ ይህ ወሰን፣ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር፣ 350 ሰከንድ ነው። በሌላ በኩል የኤም ኪው ቲ ቲ ሕግ መሣሪያው «አለሁ» የሚልበትን ጊዜ እስከ 65,535 ሰከንድ፣ ማለት ከ18 ሰዓት በላይ፣ እንዲያራዝመው ይፈቅዳል። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በየ10 ደቂቃው ብቻ «አለሁ» የሚል መሣሪያ ከእንዲህ ያለው አከፋፋይ በስተጀርባ ቢሰለፍ፣ ራሱን እንደ ተገናኘ እየቈጠረ ሳለ ግንኙነቱ ፈርሶ ይቈያል፤ በዚያም መካከል የተላከለት ትእዛዝ ሳይደርሰው ይቀራል። ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ መመልከት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነውና፣ ማንም መሐንዲስ ሊዘነጋው አይገባም።

መዝገብ የሚይዘው አከፋፋይ ራሱ ቢወድቅስ? ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የተገለገለበትና እ.ኤ.አ. በ2016 በጽሑፍ የገለጸው ማግሌቭ የተባለው ሥርዓት ለዚህ መልስ አለው፤ ብዙ አከፋፋዮች ጎን ለጎን ቆመው፣ የመጪውን አድራሻ በአንድ ዓይነት ስሌት ስለሚመረምሩ፣ ሳይመካከሩም እንኳ ወደ አንድ ሰርቨር ይመሩታል። የስሌቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ካርገርና ባልደረቦቹ ያወጡት ዘዴ ሲሆን፣ ትሩፋቱ ከአሥር ሰርቨሮች አንዱ ቢጠፋ የሁሉም ምደባ እንዳይናወጥ፣ የአንድ አሥረኛው ያህል ብቻ እንዲለወጥ ማድረጉ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት ግን የመመለሻ ሰዓት ነው። የአንድ ከተማ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቅጽበት መቶ ሺህ መሣሪያዎች አንድ ላይ ነቅተው ደጁን ያንኳኳሉ፤ እያንዳንዱም ማንነቱን በምሥጢር ቍልፍ ማስመስከር አለበትና፣ ይህ ስሌት መሣሪያው ከሚልካት ጥቂት ባይት መልእክት ይልቅ ሰርቨሩን እጅግ ያደክመዋል። ያልተሳካላቸው ወዲያው ደግመው፣ እነዚያም ደግመው ሲሞክሩ፣ ቢተዋቸው ሊያገግም ይችል የነበረው አገልግሎት እንደ ወደቀ ይቀራል። መድኃኒቱ በደጅ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ያልተሳካለት በሚቀጥለው እጥፍ ያህል እንዲታገሥ፣ የትዕግሥቱም ልክ በዕጣ የሚወሰን እንዲሆን ይደረጋል። የዕጣው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 የሐዋይን ደሴቶች በሬድዮ ባገናኘው አሎሃ በተባለው መረብ ላይ ታይቷል፤ ሜትካፍና ቦግስም እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ኢተርኔት በጻፉት ጽሑፍ የመጋጨት ምልክት በበዛ ቍጥር የሚረዝመውን መታገሥ አስረድተዋል። እኔ በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ ከፍ ያለ ክብር የምሰጠው ለዚህ ትዕግሥት ነው፤ የትኛውም አከፋፋይ፣ ኪራዩ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ትዕግሥት ያልተማረን መሣሪያ በኋላ ሊያስታግሠው አይችልምና።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደረጃ ሆኖ የወጣው የኤም ኪው ቲ ቲ 5ኛ እትም ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ግንኙነቱን ሲዘጋ መሣሪያውን «ወደ ሌላ ሰርቨር ሂድ» ብሎ ሊያሰናብተው የሚችልበትን ቃል ጨምሯል። ስለዚህ ለጥገና የሚወጣ ሰርቨር የያዛቸውን በሥርዓት ያሸጋግራል። የቀድሞውን እትም ብቻ ለሚያውቁት ለነባሮቹ መሣሪያዎች ግን ይህ ቃል አይገባቸውም፤ ለእነርሱ አከፋፋዩ ወደዚያ ሰርቨር አዲስ መጪ መምራቱን አስቀድሞ ያቆማል፣ ከዚያም ሰርቨሩ የቀሩትን ግንኙነቶች ጥቂት በጥቂት፣ በየመካከሉ ፋታ እየሰጠ ይዘጋል።