በቦይ ላይ ስለሚሠራ መሻገሪያ

በመርካቶ እህል በረንዳን በመሰለ የገበያ ሰፈር፥ ጋሪ ወደ መጋዘን እንዲገባ በቦዩ ላይ መሻገሪያ ሲሠራ፥ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ጠባብ ቱቦ ይቀብራል። ቁጠባውም እስከ ሰኔ ድረስ ነው። ገለባና የጆንያ ቁራጭ ቱቦውን ሲደፍኑት ጎርፉ ተመልሶ በመጋዘኑ ያለውን እህል ያረጥባል። የረጠበ እህል ይሻግታል፤ አንዳንዱም ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል፤ ይህም መርዝ በተለመደው አበሳሰል አይጠፋም።

ስለዚህ የቱቦው አፍ ስፋት ከ30 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይበጃል። ወለሉም ከቦዩ ወለል ጋር ተስተካክሎ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ዝቅ ይበል፤ በላዩ የሚመለሰው አፈር በየንብርብሩ ይጠቅጠቅ። ሁለቱ አፎቹ በድንጋይና በሲሚንቶ ይጠናከሩ እንጂ አይከደኑ፤ ካልታዩ ማን ይጠርጋቸዋል? የታችኛው ጎረቤት ቱቦ የጠበበ እንደ ሆነ ውሃው ወደ ላይኛው ደጅ ስለሚመለስ፥ ባለ መደብሮቹ ክረምት ሳይገባ በአንድ ልክ ሊስማሙ ይገባል።