የከተማን ታሪክ ለመረዳት የሚያግዙ መጻሕፍት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አማኑኤል የማቻከል ወረዳ መቀመጫ ናት። የገጠሩ እህልና የከተማው ሸቀጥ በገበያዋ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ከተማ እንዴት ይመሠረታል? ሲሰፋስ የማን ማሳ የማን ግቢ ይሆናል? ጥያቄው ነዋሪውንም አርሶ አደሩንም ይመለከታል። መልሱን ለመፈለግ የሚረዱ መጻሕፍት አሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የሚመሰክረው የተለየ ነገር በመሆኑ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይገባል።

የጎጃም ታሪክ

ስለ ጎጃም ማወቅ የሚሻ አንባቢ ከአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሥራዎች ቢጀምር ይጠቀማል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የኖሩ ሰዓሊና የታሪክ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ የጎጃምን ትውልድና ገዥዎች መዝግበዋል። የጎጃም ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል።

የደብረ ማርቆስ አመሠራረት ለዚህ ዘመን ጥሩ ማሳያ ነው። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲቆረቁሯት መጠሪያዋ መንቆረር ነበር። የዛሬውን ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ መንግሥትና ደብር ባሉበት ገበያ ይደራል፤ ገበያውም ሰፈርን ይስባል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ በሁለት ቅጽ በእንግሊዝኛ የጻፉት ሥራ ይህን መሰሉን ሂደት በሰፊው ያሳያል።

መሬትና ግብር

የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም የታተመ ነው። የመሬት ሥሪትን፣ የግብር ዓይነቶችንና የመንግሥት ሥርዓትን በአንድ ላይ ይዟል። አርሶ አደሩ አባቶቹ በምን ሥርዓት መሬት ይዘው ምን ይገብሩ እንደነበር ያገኝበታል። አንባቢው ግን በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ይዞታ መዛወራቸውን መዘንጋት የለበትም። ከዚያ በፊት የተጻፈው ስለ ቀድሞው ሥርዓት እንጂ ስለ ዛሬው ይዞታ አይናገርም።

የከተማ ኑሮ

የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመን ታሪክ ትዝታ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም ድረስ ደራሲው ያዩትንና የሰሙትን ይተርካል። አዲስ አበባን በ1911 ዓ.ም የመታት የኅዳር በሽታ በዚሁ ዘመን የደረሰ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሰው ተጨናንቆ ሲኖር ንጽሕና የጋራ ጉዳይ እንደሚሆን ከዚህ ታሪክ መማር ይቻላል።

ልብ ወለድም የራሱን ድርሻ ያበረክታል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የተተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን የመኳንንትና የባላገር ኑሮ ያሳያል። ከጎጃም ሸሽቶ አዲስ አበባ የሚገባው በዛብህም ከተማ ለባላገር መሸሸጊያ እንደነበር ይጠቁማል። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ደግሞ የተማረውን የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ የኑሮ ጭንቀት ያሳያል። ልብ ወለድ የዘመኑን ስሜት ይገልጣል እንጂ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ ለክርክር አይቀርብም።

ያልተጻፈው ታሪክ

ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ስለ ነገሥታት፣ ስለ መኳንንትና ስለ ዋና ከተማዋ ይናገራሉ። የትንሽ ከተማ ታሪክ በአብዛኛው የሚኖረው በሽማግሌዎች አንደበት ነው፤ እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ያነበበ ሰው የአካባቢውን ታሪክ መጠየቅና መመዝገብ ይችላል፦ የመጀመሪያው ገበያ የት ቆመ? መንገዱ ሲወጣ ማን ተነሣ? ዓመተ ምሕረቱ ከተዘነጋ ጣሊያን የገባበትን ወይም የ1977 ዓ.ም ድርቅን መነሻ አድርጎ ማስላት ይቻላል። አንዱን ጉዳይ ሁለት ሽማግሌዎችን ለየብቻ መጠየቅና የተናጋሪውን ስምና የተነገረበትን ቀን መጻፍም ያስፈልጋል። እንዲህ የተጻፈ ደብተር በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ የነገው ጸሐፊ ስለ አማኑኤል ሲጽፍ የሚነሣበት ማስረጃ ይሆናል።