ዳኛው ራሱ ሲከሰስ ወዴት ይኬዳል?

ካናዳ የሚኖር ወገናችን በስደት ፋይሉ ውስጥ ምን እንደተጻፈበት ለማወቅ ቢፈልግ 5 ዶላር ከፍሎ በመረጃ ማግኛ ሕጉ መሠረት ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ አልሰጥም ቢል፣ ወይም ግማሹን ገጽ አጥቁሮ ቢልክለት፣ በ60 ቀን ውስጥ ለመረጃ ኮሚሽነሩ አቤት ይላል። ለመሆኑ ሰነዱን የከለከለው የኮሚሽነሩ ቢሮ ራሱ ቢሆንስ?

እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር፤ ቢሮው ከሕጉ ውጭ ነበርና። በ2006 የሃርፐር መንግሥት ያወጣው የተጠያቂነት ሕግ ቢሮውን ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ በሕጉ ሥር አስገባው። የሚገርመው ግን ለቢሮው የተለየ ዳኛ አላቆመለትም። በራስ ላይ የቀረበን ክስ ራስ መመርመር ደግሞ ቀልድ ነው። ስለዚህ ኮሚሽነሩ የመመርመር ሥልጣኑን ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ከቢሮው ውጭ ላለ ሰው በውክልና መስጠት ጀመረ። ከተወከሉት መካከል ጡረታ የወጡ ዳኞች ይገኛሉ።

ተወካዩ የሚያየው ቢሮው የያዘውን ሰነድ መከልከሉ አግባብ መሆን አለመሆኑን ነው። ኮሚሽነሩ በሌላ መሥሪያ ቤት ላይ ያካሄደው ምርመራ ደካማ ነበር የሚል ቅሬታ በዚህ በር አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በምርመራ ወቅት ቢሮው ራሱ ያዘጋጀው ሰነድም ምርመራውና ተያያዥ ክርክሮች እስኪያልቁ ይዘጋል፤ ካለቁ በኋላ ግን በዚያ ምክንያት መከልከል አይቻልም። ጥሩ ሕግ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ተከሳሹ ዳኛውን ይመርጣል። በብሪታንያ ቢሮው በራሱ ላይ የሰጠው ውሳኔ እንኳ እሱ ወዳልመረጠው የይግባኝ ጉባኤ ይሄዳል። ያም ሆኖ የካናዳው ኮሚሽነር የሚሾመው በሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ለ7 ዓመት ሲሆን፣ ከተወካዩ በኋላም የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተከለከለ ዜጋ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል። ከልካዩ እንባ ጠባቂው ራሱ ቢሆን በመካከል የቆመ የውጭ ሰው የለም፤ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። የእንባ ጠባቂውን ኃላፊ የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ መቶ በመቶ ጠቅልለውት የነበረው ማለት ነው። የፌዴራል ዳኞችንም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ያው ምክር ቤት ይሾማል።