ሰባተኛና ስምንተኛ፦ በሁለት ፈተና መካከል

ዕድሜያቸው የገፋ የወልድያ ሰዎች «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» እያሉ የሚያስታውሱት ትምህርት ቤት ለልጆቻቸው ባዶ ስም ሆኖ ቆይቷል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ራሱን የቻለ እርከን ነበር፤ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተብሎ ይቆጠር ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለቱን ክፍሎች ከአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ሳይክል ጋር ቀላቀላቸው። የ2015ቱ ፖሊሲ መልሶ ለያቸውና «መካከለኛ ደረጃ» አላቸው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ዞረን ከተነሣንበት ደረስን። እንደ ሀብሩ ባለ የሰሜን ወሎ ወረዳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው የበሩ ጽሑፍ ነው። ግቢው ያው ነው፣ ርእሰ መምህሩም ያው፣ የፈረቃው ደወልም ያው።

ለመሆኑ በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች መካከል ባሉት ሁለት ዓመታት፣ ልጁ ልጅነቱን ሊጨርስ በተቃረበበት ዕድሜ፣ ትምህርት ቤቱ ከፈተና ዝግጅት ሌላ ምን ይሰጠዋል?

ወረቀት ላይ ያለው መልስ መጥፎ አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በጠቅላላ ሳይንስ ተጠቃለሉ፤ ክወናና እይታ ጥበባት፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም ቦታ አገኙ። ችግሩ የሚመጣው ድልድል ላይ ነው። ሙዚቃ ወይም ሥዕል የተማረ መምህር በሌለበት፣ ጥበባት የሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር ነው፤ አማርኛም ያስተምር ሒሳብ። ኮምፒዩተር በሌለበት ደግሞ ኮምፒዩተር በጠመኔ ይሣላል።

የሚገርመው ይህ የሚሆነው በወሎ መሆኑ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች የሁለቱ፣ የአምባሰልና የባቲ፣ ስም የወሎ አገር ስም ነው፤ አምባሰል እንዲያውም ከሀብሩ ጋር ይዋሰናል። በየጁ ያለው ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነው፤ መንዙማውም ከዚህ ምድር ጋር የኖረ ነው። ከሀብሩ ዋና ከተማ ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ ደግሞ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ዝናብ አጠር ለሆነው ቆላ የሚስማሙ የማሽላና የጤፍ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ። የሀብሩ ገበሬ ማሽላውን የሚያጠወልግበትን አቀንጭራ ስሙን ከነጠባዩ ያውቀዋል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኢጄታ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ነው። አገር ቤት ከተለቀቁት አንዱ «ጎቢዬ» ይባላል፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ የምትገኘውን ከተማ ስም ይዟል። ጥገኛ ተክልን ለማስተማር ከአባቱ ማሳ የበለጠ መማሪያ ሰባተኛ ክፍል ላለ የመርሳ ልጅ ከየት ይመጣለታል? መርሳ ራሷ የግብርና ኮሌጅ አላት፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ኮሌጅም አላት።

እዚህ ላይ ግን አንድ አሮጌ ጥርጣሬ አለ፣ ሊናቅም አይገባም። ትምህርትን ከአካባቢ ኑሮ ጋር እናስተሳስር የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ለሁሉም አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ትምህርቱም ከገጠሩ ሥራ ጋር ይያያዝ፣ የከፍተኛው እርከን መስፋፋት ይገደብ የሚል ነበር። ወላጅም መምህርም የሰማው ሌላ ነገር ነው፦ የድኻ ልጅ እርሻው ላይ ይቅር። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን አገደ፤ የዙፋኑ ዕድሜ ግን አልረዘመም። ዛሬም «እርሻማ ከእኔ ይማራል፤ ትምህርት ቤት የላክሁት ከእርሻ እንዲወጣልኝ ነው» የሚል አባት ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። እሱ የሚያውቀው አንድ መውጫ ነው፤ የመውጫው ቁልፍ ደግሞ ያለው በፈተናው ላይ ነው።

ኅብረተሰቡ ከትምህርት ቤቱ አልራቀም፤ እንዲያውም ተደጋግሞ ይጠራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ከአራት ዓምዶቹ አንዱን የኅብረተሰብ ተሳትፎ አደረገው፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚባለውም በየግቢው አለ፤ በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ሲጀመር ጥሪው እንደገና ተሰማ። ተሳትፎው «በገንዘብ፣ በጉልበት፣ በዓይነት» እየተባለ ይዘረዘራል፤ «በዕውቀት» የሚለው ቃል አንዳንዴ ይጨመራል፤ ወደ ብር ሲቀየር ግን ድንጋይና ቆርቆሮ ይቀላሉ። በእኔ እይታ የነገሩ ቋጠሮ ይኸው ነው፦ ወላጅ የሚጠራው እንደ ከፋይና እንደ ጉልበት እንጂ እንደ አዋቂ አይደለም። አጥር ያጠረ ገበሬ ክፍል ገብቶ ስለ ዘር መረጣ ሲናገር ማየት ብርቅ ነው።

የተማሪ ክበባቱም ቢሆኑ ከላይ የወረዱ ናቸው። ፀረ ኤድስ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ዜጋ፣ ፀረ ሙስና፤ እያንዳንዱ አንድ ዘመቻ ትቶት የሄደ ነው፤ ዘመቻው ሲበርድ ክበቡ ስሙ ግድግዳ ላይ ይቀራል። የጸናው ሚኒ ሚዲያ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ማይክ የሚይዘው ተማሪው ራሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ፈረቃ ባለበት ግን ለእሱም ጊዜ የለም፤ የጠዋቱ ተማሪ ሲወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ቆሟል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ በየትምህርት ቤቱ ንብረት ወደመ፣ ተዘረፈ። ቁስሉ ሳይሽር ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ዓመታት አቋርጦ የተመለሰ፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ ከታናሾቹ ጋር ሰባተኛ ክፍል ይቀመጣል። ለእሱ ጥበባትና ሙያ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን አስባለሁ፤ እንዲህ ያለው ልጅ ነገ እንዲመጣ የሚያደርገው በጎደለው አልጀብራ መጀመሩ ሳይሆን፣ እጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ክፍል ውስጥ ዋጋ ማግኘቱ ነው።

የአካባቢውን ዕውቀት ክፍል ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ርእሰ መምህር ቢኖር የሚገጥመው እንቅፋት ጥቃቅን ነው፤ ቢሆንም ያደናቅፋል። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከገበያ ቀኑ ቢቀር የሚከፈለው በየትኛው የሒሳብ መደብ ይወራረዳል? ሱፐርቫይዘሩ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ሲጠይቅ ያንን ክፍለ ጊዜ ማን ይፈርምበታል? ሲሪንቃ ድረስ በእግር የሚሄዱትን አርባና ሃምሳ ልጆች፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እንኳ፣ ማን ኃላፊነት ወስዶ ያጅባል?