ወረቀቱ ቤት ይድረስ

የዛሬው ጽሑፌ ከትምህርት ቤት ለወላጅ ስለሚላክ ማሳሰቢያ ነው። «ደግሞ ይሄ ምን ይጻፍለታል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደናንተ ነበር የማስበው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ ላይ የክፍል ኃላፊያችን አንድ ወረቀት አደሉን። ከላይ የተጻፈው የወላጆች ስብሰባ ነው፤ በሒሳብ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ወላጆች የግድ እንዲመጡ ይላል። እኔ በሒሳብ ፈተና ከ20 ያገኘሁት 7 ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ሸሸግኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የገራዶን ካሮትና ሽንኩርት ደሴ ወስዳ ነው የምትሸጠው። «ዛሬ ምን አሏችሁ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት።

ወረቀቱ ግን ጀርባ ነበረው። ከጀርባው የዓይን ሐኪሞች እንደሚመጡና ዓይኑን የሚያመው ልጅ ያለው ወላጅ እስከ ረቡዕ እንዲያስመዘግብ ተጽፏል። ታናሽ እህቴ 2ኛ ክፍል ናት። ሰሌዳው አይታያትም፤ ሁልጊዜ ከጓደኛዋ ደብተር ነው የምትገለብጠው። ሐኪሞቹ መጥተው ሄዱ፤ እሷ ሳትታይ ቀረች። ጎረቤታችን ልጇን አሳይታ ስትመለስ እናቴ «ለእኛስ ለምን አልተነገረንም?» አለች። ያኔ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ገለባብጣ አየችና «በል ሁሉንም አንብብልኝ፤ ክፉውንም ደጉንም» አለችኝ። እኔ እያነበብኩ እሷ ዝም ብላ ሰማችኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሳሰቢያ ሲመጣ በደንብ ማንበብ ጀመርኩ። የተረዳሁትን ላስረዳችሁ።

1ኛ. የውጤት ካርድ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ወላጅ አይቶት፣ ፈርሞበት ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ምክንያቱም የሁለተኛው ውጤት የሚሞላው እዚያው ካርድ ላይ ነው። የዓመቱ አማካይ የሚገኘው የሁለቱ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው 46 ያመጣ ልጅ በሁለተኛው 60 ቢያመጣ የዓመቱ 53 ይሆንለታል፤ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ ነው የሚሉት። ከደረጃው በተጨማሪ የቀረበትን ቀንና የእያንዳንዱን ትምህርት ውጤት አሳዩአቸው።

ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ካርዱን በጥንቃቄ አስቀምጡ። በ2014 ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። እኔ ያኔ 3ኛ ክፍል ነበርኩ። በክልላችን ወንበርና ሰነድ የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። መዝገብ ሲጠፋ የተማሪው ማስረጃ ቤት ያለው ካርድ ነው።

2ኛ. የጾምና የበዓል ማሳሰቢያ። እኛ ወሎዎች ሁለቱንም አብረን ነው የምናሳልፈው። ዘንድሮ ሁዳዴ የሚገባው ሰኞ የካቲት 9 ነው፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይገባል። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ፋሲካ ሚያዝያ 4 እንደሚውል ከአሁኑ ይታወቃል። የረመዳን ወር ግን የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል። ለዚህ ነው ለኢድ የሚወጣው ማስታወቂያ «ጨረቃ ከታየች» የሚለው። የጨረቃ ዓመት ከእኛ ዓመት ወደ 11 ቀን ስለሚያንስ፣ ያለፈው ዓመት ረመዳን የካቲት 22 ነበር የገባው። ስለዚህ «አምና በዚህ ቀን ዝግ ነበር» ብላችሁ አትቅሩ፤ የዘንድሮውን ማሳሰቢያ ተመልከቱ።

3ኛ. የ8ኛ ክፍል ምዝገባ። ክልላዊ ፈተና የሚወስድ ተማሪ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሞላል። ወላጅ ይምጣና ይይ የሚባለው ለዚህ ነው። ሙሐመድ የሚለውን ስም እንኳን በእንግሊዝኛ አንዱ በ«ዩ» ሌላው በ«ኦ» ይጽፈዋል። ካርዱ ላይ አንድ፣ ፈተናው ላይ ሌላ ከሆነ በኋላ ማስተካከል ብዙ ያመላልሳል። እኛ 7ኛዎችም በሚቀጥለው ዓመት ይደርሰናል።

4ኛ. መቅረት። የገበያ ቀን ዕቃ ለማድረስ፣ አትክልት ለመልቀም የምንቀር አለን። ልጅ ሲታመም ወይም ችግር ሲኖር ወላጅ ቀድሞ ቢያሳውቅ መምህሩ ምክንያቱን ያውቃል። ዝም ከተባለ ግን መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ያው «ቀሪ» ነው።

ማሳሰቢያ ቤት ስታነቡ እነዚህን አትዝለሉ፦ ለማን ነው? መቼ ነው፣ ስንት ሰዓት? እስከ መቼ ነው? ምን ይዞ መምጣት ያስፈልጋል? ፊርማ አለው ወይ? በመጨረሻም ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ!

ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለችኝ። የሕክምና ወይም የደብተር እርዳታ ምዝገባ ሲኖር ለብቻው ወረቀት ቢጻፍ ጥሩ ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለ ልጅ ከፍርሃት የተነሳ አንዱን ሲሸሽግ ሌላውንም አብሮ ይሸሽጋል። እኔ አድርጌዋለሁ።

እህቴን እናቴ በጥር ወር ደሴ ወስዳ አሳየቻት። የዚያን ቀን ገበያ አልዋለችም፤ ካሮቱም ቤት ዋለ። ለእህቴ መነጽር ታዘዘላትና ቀጠሮ ተሰጣት። እስከዚያው ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። እኔም ሒሳብ ላይ የማጠናከሪያ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ለእናቴ ስነግራት «አብሽር፣ ትደርስበታለህ» አለችኝ።

ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠርነው እኛ ነን። እኛ ያላነበብነውን ወላጆቻችን ከየት ያገኙታል? ዛሬ ቦርሳችሁን ፈትሹ፤ የታጠፈ ወረቀት ካለ ማታ አንብቡላቸው።

መልካም የትምህርት ጊዜ!

አዘጋጅ፦ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል
ገራዶ፣ የካቲት 2018