ከበዓል የተረፈው ሐላዋ

በድሬዳዋ ከበዓል ማዕድ ምን እንደሚተርፍ የሚወስነው በአመዛኙ ሙቀቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ በመሆኗ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሥጋውም ወጡም ሳይውል ሳያድር ካልተበላ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቤተሰብና ጎረቤት ተጠራርቶ ይጨርሰዋል። ሐላዋው፣ ብስኩቱ፣ ቴምሩና ከረሜላው ግን ሳምንትም ቢቆዩ ምንም አይሆኑም። ስኳር በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ምግብ የሚያበላሹ ረቂቅ ተሐዋስያን ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን እርጥበት አያገኙም። ይህ ጠባይ ለኪስ ቢበጅም፣ አመጋገቡን ለማስተካከል ቆርጦ ለተነሣ ሰው የበዓሉን ፈተና በዓሉ ካለፈ በኋላ ያመጣበታል።

በድሬዳዋና በሐረር የሚወደደው ሐላዋ የሚሠራው በውኃ ከተበጠበጠ ስታርች፣ ማለትም ከእህል ወይም ከሥራሥር ከሚወጣ ነጭ ዱቄት፣ ከብዙ ስኳርና ከዘይት ወይም ከቅቤ ሲሆን፣ በትልቅ ድስት ተጥዶ ለረጅም ሰዓት ይማሰላል። ስታርቹ ሲሞቅ ውኃውን መጥጦ ስለሚያብጥ ድብልቁ እየከበደ ይሄዳል፤ ሄልና ቀለም ከተጨመረበት በኋላ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሲበርድ በቢላ ይቆረጣል። ቁራሹ የተጠቀለለበት ወረቀት ብዙም ሳይቆይ በዘይት ወዝቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ወረቀቱ የሚናገረው ነገርም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ከአንድ ግራም ስኳር ሰውነት የሚያገኘው ጉልበት 4 ኪሎካሎሪ ሲሆን ከአንድ ግራም ዘይት የሚያገኘው 9 ነው። ኪሎካሎሪ በምግብ ውስጥ ያለው ጉልበት የሚለካበት መለኪያ ነው። በዘይት የተሠራው ሐላዋ የጾም መሆኑም ብዙ የኦርቶዶክስ አማኞች በጾም ወራት ሳይሳቀቁ እንዲበሉት አድርጓል፤ የጾም መሆኑ ግን ለጤና ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና ዐረቡ በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በከዚራና በመጋላ፣ ተጎራብተው ኖረውባታል። በኢትዮጵያ በቆየው ልማድ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ስለዚህ በዒድም ሆነ በፋሲካ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ያለ ሥጋት የሚሻገረው ዳቦው፣ ብስኩቱ፣ ለስላሳውና ጣፋጩ ነው። ሥጋ ሊያደርገው የማይችለውን የጉርብትና ሥራ የሚሠራው ስኳር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣፋጭ አልፈልግም ማለት በዚህች ከተማ አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚመለሰው ምግቡ ብቻ ሳይሆን የላከው ሰው እጅም ነውና። በዚያ ላይ ሁለቱን ዒዶች፣ መውሊድን፣ እንቁጣጣሽን፣ ገናንና ፋሲካን አብሮ የሚያከብር ሰፈር ትሪው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አጭር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ውስጥ ከነጻ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። ነጻ ስኳር የሚባለው አምራቹ፣ ምግብ አብሳዩ ወይም ተመጋቢው የሚጨምረው ስኳር እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለው ነው፤ በሙሉ ፍሬው በሚበላ ቴምር ውስጥ ያለው በዚህ ስለማይቆጠር፣ ቴምሩ ከሐላዋው ጋር እኩል አይወቀስም። በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ ለሚበቃው ሰው የመጀመሪያው ወሰን 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨመርበት ሻይ ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ሰው፣ ሐላዋውን ሳይነካ ሁለተኛውን ወሰን ሞልቷል።

ራስን ስለመግዛት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ጥርስን ነክሶ መታገልን ነው፤ የሥነ ልቦና ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ዋልተር ሚሼል በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን አሁን ትንሽ ከመብላትና ታግሠው የተሻለ ከማግኘት እንዲመርጡ ባደረገበት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመው ጥናት፣ ምግቡ ከዓይናቸው የተሰወረላቸው ሕፃናት ምግቡ ፊት ለፊታቸው ከተቀመጠላቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ታግሠዋል። ፒተር ኸርማንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ምግባቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ወተትና አይስክሬም የተቀላቀለበት ጣፋጭ መጠጥ አስቀድመው ከጠጡ በኋላ፣ ይጠግባሉ ሲባል ጭራሽ ብዙ አይስክሬም በልተዋል። ደንቡ አንዴ ፈርሷልና የዛሬው ቀን ተበላሽቷል የሚል ስሜት ልጓሙን ያስጥላቸዋል። በፍጹም አልቀምስም ብሎ የማለ ሰው በጎረቤት ቤት አንድ ቁራሽ በይሉኝታ ከጎረሰ በኋላ፣ ማታ በቤቱ ያለውን ሙሉ ጥቅል የሚጨርሰውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል፤ ስለዚህ ከመሐላው ይልቅ ልክ ማበጀቱ ይሻላል።

ለድሬ ሰው በተለይ የሚያሰጋው ሰዓት ከቀትር በኋላ ያለው ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫት የሚቃምበት በርጫ ይጀመራል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ምሳው በቅጡ ሳይበላ ይቀራል፤ ምሬቱን ለማጣፈጥ ግን ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና በአጠገብ ያለው ጣፋጭ ሁሉ ይወሰዳል። ይህ ለጥርስም ክፉ ነው፤ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት፣ ጥርስን የሚጎዳው በአንድ ጊዜ የተበላው ብዛት ብቻ ሳይሆን በየመሐሉ የመቅመሱ ድግግሞሽ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እንግዲህ አዋጩ መንገድ ጣፋጩ በመጣበት ዕለት በቤት ውስጥ የሚቀረውን መወሰን ነው። የሚበላው በትንንሹ ተቆርጦ፣ ክዳን ባለውና ውስጡን በማያሳይ ዕቃ ከዓይን ርቆ ይቀመጣል፤ የሚበላበት ጊዜም ከምሳ ቀጥሎ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከአትክልትና ከጥራጥሬ ምግብ በላይ የገባ ስኳር በባዶ ሆድ ከገባው ይልቅ ወደ ደም የሚዘልቀው በዝግታ ነው። ሌላው በዚያው ዕለት ይላካል፦ ለዘበኛው፣ በዓሉን ከቤቱ ርቆ ላሳለፈ ሠራተኛ፣ ብዙ ሰው ላለበት ቤት። ትሪ በትሪ የሚመልሰው የከተማዋ ልማድ ጣፋጩን እንዳመጣው ሁሉ ለማውጣትም ያገለግላል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የተላከለትን በምስጋና ተቀብሎ ለሌላ ማሳለፉም ነውር ሊባል አይገባም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በበዓል ሰሞን ምን ያህል መቅመስ እንደሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሚቀጥለው ዒድ የሚገዙ አባወራዎችና እማወራዎችም ኪሎ ከማለታቸው በፊት ቤቱ የሚበላውን ያስቡ፤ ሻጩ ሩብ ኪሎም ይመዝናል።